ስለ ኒኮላ ቴስላና ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ደጋን የምትባል ከተማ አለች። መንገደኛ ብዙውን ጊዜ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። እኔ ግን ለሥራ ወደ ባቲ ስሄድ የመኪናችን ጎማ እዚያው ስለ ተነፈሰ ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ ድረስ በደጋን ለመቈየት ተገደድሁ። ለዛሬው ንግግሬ ምክንያት የሆነኝንም ነገር ያገኘሁት በዚያው ነው።

ጎማው እስኪጠገን ድረስ በአንድ ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ሴቶች ማሽላቸውንና ጤፋቸውን በጆንያ አድርገው ወረፋ ይዘዋል። ወፍጮው ደኅና ሲፈጭ ከቈየ በኋላ በድንገት ድምፁ ተለወጠ፤ ድንጋዩ ቆመ፤ ሞተሩ ግን ጨርሶ ዝም አላለም፤ እንደ ታመመ በሬ ያጉረመርም ጀመር። ባለወፍጮው ሮጦ ማብሪያውን አወረደና «ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ጠፍቷል፤ ጥቂት ብዘገይ ኖሮ ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር» አለ። በዚህ ጊዜ ከወረፋው ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት እናት «ልጄ፤ ሁለቱ አሉ አይደለም እንዴ? አገር የሚያርሰው በሁለት በሬ ነው፤ ሦስተኛው ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለወፍጮውም «አብሽሩ እማማ፤ ሠራተኞቹ መጥተው ይቀጥሉታል» አለ እንጂ ለጥያቄው መልስ አልሰጠም። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የፈጸምሁ ሰው ነኝና ይህን ማስረዳት አያቅተኝም ብዬ አፌን ከከፈትሁ በኋላ፤ ነገሩ በስም እንጂ በምሥጢሩ እንደማላውቀው ገባኝ። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማቀርብላችሁ። እማማም በሬዲዮ ያዳምጡኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ያለ ብሩሽና ያለ ብልጭታ በሦስት ሽቦ እንዲዞር መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው ኒኮላ ቴስላ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ፤ በእኛ አቈጣጠር የምናገረውን ለይቼ አመለክታለሁ።

ቴስላ የተወለደው በ1856 ዓ.ም. ስሚልያን በምትባል መንደር ነው። ይህች መንደር በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በክሮኤሽያ አገር ትገኛለች። ወገኑ ሰርብ ነው። አባቱ ሚሉቲን የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ። እናቱ ጁካ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን ረጃጅም የጀግንነት ግጥሞችን በቃላቸው ይወጡ ነበር፤ ለቤት ሥራ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችንም በገዛ እጃቸው ይሠሩ እንደ ነበር ልጃቸው ጽፏል። የፈጠራ ስጦታውን ያገኘው ከእናቱ እንደ ሆነም ያምን ነበር። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ሲጠይቅ መሳቅ ልማድ ሆኖብናልና ነው።

በ1875 ዓ.ም. ቴስላ ግራትስ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ቀን መምህሩ ዲናሞ አምጥተው በተማሪዎች ፊት ባስነሡት ጊዜ፤ በሚሽከረከረው ክፍልና ጅረቱን በሚያቀብሉት ብሩሾች መካከል እሳት ይፈነጥቅ ነበር። ቴስላም እነዚህ ብሩሾች ጨርሰው ቢቀሩ የማይቻል እንደ ሆነ ጠየቀ። መምህሩም ነገሩ ከቶ ሊሆን እንደማይችል በተማሪው ሁሉ ፊት በሰፊው አስረዱ። ቴስላ ትምህርቱን ሳይመረቅ ተወው፤ ጥያቄውን ግን አልተወም። በ1882 ዓ.ም. በቡዳፔስት ከተማ መናፈሻ ውስጥ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአንድ ወዳጁ ጋር እየተንሸራሸረና ግጥም በቃሉ እየወጣ ሳለ፤ መልሱ በድንገት ብልጭ እንዳለለትና በበትር በአሸዋ ላይ ሥሎ ለወዳጁ እንዳሳየው ራሱ ተርኳል።

በአሸዋው ላይ ምን ሣለ? እንግዲህ ጥቂት ታገሡኝ።

በሽቦ ውስጥ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ጅረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መስኖ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስሰው ነው፤ ይህን ቀጥተኛ ጅረት ይሉታል። ሁለተኛው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ነው፤ ይህን ተለዋዋጭ ጅረት ይሉታል። ሄዶ የሚመለስ ነገር ምን ሥራ ይሠራል የሚል ሰው ቢኖር፤ በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩ እናቶችን ይመልከት። መጁ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ከወፍጮውም ላይ አይርቅም፤ እህሉ ግን ይደቅቃል። በአገራችን በሽቦ የሚመጣው ጅረት በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ አውድማ በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። በመካከሉ ምሰሶ ተተክሎ አንድ በሬ ታስሯል፤ ዙሪያውን ከመዞር በቀር ሌላ መሄጃ የለውም። በአውድማው ዳር ሦስት ሰዎች በእኩል ርቀት ቆመው እያንዳንዳቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። አንደኛው ሣሩን ያሳየዋል፤ በሬው ወደዚያ ይሄዳል። ሊደርስ ሲል ያ ይሸሽገውና ሁለተኛው ያሳያል፤ ቀጥሎም ሦስተኛው፤ ከዚያም እንደ ገና የመጀመሪያው። በሬው ያለ ዕረፍት ይዞራል። ሰዎቹ አልዞሩም፤ ሣሩም አልዞረም፤ የዞረው ተራው ነው።

የቴስላ አሳብ ይህ ነው። በሞተሩ ቅርፊት ውስጥ የተተከሉ የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ እነርሱ ከቦታቸው አይነቃነቁም። በየሽቦው የሚመጣው ተለዋዋጭ ጅረት ግን ኃይሉ የሚበረታው በተራ በተራ ስለ ሆነ፤ የማግኔቱ ኃይል ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው እየተላለፈ ዙሪያውን ይሽከረከራል። በመካከል ያለው ብረትም ሽቦ ሳይነካው፤ ብሩሽም ሳይኖረው ይከተለዋል። ሳይነካ እንዴት ይከተላል ለሚል፤ ኃይሉ የሚለዋወጥ ማግኔት በአጠገቡ በሚገኝ ብረታ ብረት ውስጥ ጅረት እንደሚቀሰቅስ እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴይ በ1831 ዓ.ም. ፈትኖ አሳይቷል። የተቀሰቀሰው ጅረት ውስጠኛውን ብረት ራሱን ማግኔት ያደርገዋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በሬው ሣሩን ጨርሶ አይደርስበትም። የደረሰበት እንደ ሆነ መሳቡ ይቀራልና፤ ሞተሩ ሁልጊዜ ከማግኔቱ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚዞረው።

ወደ እማማ ጥያቄ ልመለስ። ሁለቱ ሽቦዎች ካሉ ለምን አይዞርም? እዚህ ላይ የሳቅን ሰዎች ማፈር ይገባናል፤ እማማ ያን ያህል አልተሳሳቱምና ነው። ቴስላ መጀመሪያ የሠራቸው ሞተሮች ሁለት ተራ ብቻ የነበራቸው ናቸው፤ እነርሱም በሚገባ ዞረዋል። ነገር ግን ለሁለቱ ተራዎች አራት ሽቦ ነበር የሚያስፈልጋቸው፤ አንድ ጅረት ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ሽቦ ይፈልጋልና። ሦስት ተራ በሦስት ሽቦ ብቻ እንዲሄድ፤ አንዱ የላከውን ሌሎቹ ሁለቱ ተጋግዘው እንዲመልሱ አድርጎ የሚሠራውን ዓይነት ያዳበረው በጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ሩሲያዊ ኢንጂነር ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው። ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ የተቈረጠ ጊዜ እንግዲህ፤ በአንዱ የሄደው በሌላው ከመመለስ በቀር መንገድ የለውም። ሁለት ሽቦ ቀረ ማለት አንድ ጅረት ቀረ ማለት ነው። ለበሬው ሣሩ ዙሪያውን አይሄድለትም፤ አሁን በዚህ፤ አሁን በትይዩው እያለ ይታየዋል። ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። የሰማነው ማጉረምረም ይህ ነው። ጅረቱም በሥራ ስለማይወጣ በጥቅሎቹ ውስጥ ሙቀት ይሆናል፤ ባለወፍጮው ካልደረሰም የሽቦው ልባስ ይነድዳል። ሞተሩን እንደ ገና ማስጠቅለል ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ፤ ወፍጮ ቤቱም እስከዚያ ተዘግቶ ሲሰነብት እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ምን ያህል እንደሚንከራተቱ ባለወፍጮዎች ያውቁታል።

ቴስላ አሳቡን ይዞ በ1884 ዓ.ም. ወደ አሜሪካን አገር ተሻገረ፤ ኒው ዮርክ ሲደርስ በኪሱ የነበረው አራት ሳንቲም ብቻ እንደ ነበር ይናገራል። በዚያም በታወቀው በቶማስ ኤዲሰን ዘንድ ተቀጥሮ ጥቂት ወራት ሠራ። ኤዲሰን ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ለኒው ዮርክ ከተማ መብራት የሚሰጠው በቀጥተኛ ጅረት ነበርና፤ የተለዋዋጭን ነገር ሊሰማ አልወደደም። በደመወዝ ምክንያትም ተለያዩ። ከዚያም በኋላ ሽርክና የገቡት ባለገንዘቦች ከድተውት፤ ያ ሊቅ በኒው ዮርክ ጎዳና በቀን ሁለት ዶላር እየተከፈለው ቦይ ቈፍሯል።

መሬት ቈፋሪ ሆኖ ግን አልቀረም። በ1887 ዓ.ም. የሚደግፉት ሰዎች አገኘና ሥራ ቤት ከፈተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በግንቦት ወር የፈጠራ መብቱ ተጻፈለት፤ በኤሌክትሪክ ኢንጂነሮችም ማኅበር ፊት ንግግር አደረገ። የባቡር ፍሬን ፈጥሮ የበለጸገው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ መብቱን በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን ገዛው፤ በተጨማሪም በሞተሮቹ በእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ሊከፍለው ተዋዋለ።

ዌስቲንግሃውስ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ለምንድን ነው? ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ነው። ከባቲ በኩል ይመጣ የነበረውን የግመል ቅፍለት አስቡ። ነጋዴው የሚያሻግረው ጭነት ያው ሆኖ፤ በየኬላው ቀረጥ የሚጠየቀው በግመሎቹ ቍጥር ነው እንበል። ብልህ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ቢቻለው በእያንዳንዱ ግመል ላይ ብዙ ጭኖ የግመሎቹን ቍጥር ያሳንሳል። በኤሌክትሪክ ዘንድ ግመሉ ጅረቱ ነው፤ በያንዳንዱ ላይ የሚጫነው ቮልቴጅ ይባላል፤ ቀረጡም በመንገድ ላይ ሽቦውን እያሞቀ የሚጠፋው ኃይል ነው። ይህ ቀረጥ ከሰው ቀረጥ የከፋ ነው፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ጥፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቮልቴጁ ዐሥር እጥፍ ከፍ ቢል ግን ጅረቱ ወደ ዐሥረኛው፤ ጥፋቱም ወደ መቶኛው ይወርዳል። ኤዲሰን በ110 ቮልት ይልክ ስለ ነበረ ከማመንጫው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ማለፍ አልሆነለትም። ተለዋዋጭ ጅረት ግን ትራንስፎርመር በሚባለው ዕቃ አማካይነት በመነሻው ላይ ይጫንለታል፤ በመድረሻው ላይ ይራገፍለታል።

ትራንስፎርመርን የፈጠረው ቴስላ አይደለም። በፈረንሣይ ጎላር፤ በእንግሊዝ ጊብስ፤ በሀንጋሪ ሦስት ኢንጂነሮች፤ በአሜሪካም ዊልያም ስታንሊ ከእርሱ በፊት ደክመውበታል። የሚዞረውንም ማግኔት በኢጣልያ ጋሊሌዮ ፌራሪስ ለብቻው ደርሶበታል። ዛሬ ዛሬ ስለ ቴስላ የሚነገረውን የሰማ ሰው ኤሌክትሪክን ብቻውን ከሰማይ ያወረደ ይመስለዋል። ይህ ለእርሱም ክብር የሚጨምርለት አይደለም። የጐደለው ነገር ተለዋዋጩ ጅረት ከመብራት አልፎ ሥራ የሚሠራበት ሞተር ነበር፤ እርሱም ያመጣው ያንኑ ነው።

የኤዲሰን ወገኖች ተለዋዋጭ ጅረት ገዳይ ነው እያሉ ሕዝቡን ያስፈራሩ ነበር። በ1890 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት በኤሌክትሪክ ወንበር የመጀመሪያው የሞት ቅጣት ሲፈጸም የተሠራበትም ይኸው ጅረት ነው። በነገራችን ላይ፤ አፄ ምኒልክ እንዲህ ያለ ወንበር አስመጥተው፤ በአገሩ ኤሌክትሪክ ባለመኖሩ ዙፋን አደረጉት የሚል ወሬ በውጭ አገር ሲጻፍ ይገኛል። ለዚህ ነገር ማስረጃ የለም። ይልቁንስ ማስረጃ ያለው፤ በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ መብራት ማስገባታቸው ነው።

ክርክሩን የፈታው ሥራ ነው። በ1891 ዓ.ም. በጀርመን አገር ዶብሮቮልስኪና ባልደረቦቹ ከላውፈን ፏፏቴ እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ያህል ኃይል በሦስት ሽቦ አሻገሩ። በ1893 ዓ.ም. የቺካጎን ታላቅ ኤግዚቢሽን ዌስቲንግሃውስ በተለዋዋጭ ጅረት አበራው። በ1896 ዓ.ም. ኅዳር ወር የናያጋራ ፏፏቴ ኃይል ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ቡፋሎ ከተማ ገባ፤ በዚያም ሥራ ላይ የዋለው የቴስላ ሥርዓት ነው።

ቴስላ ግን ከዚህ ሀብታም አልሆነም። የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በገንዘብ ችግር ላይ በወደቀ ጊዜ በየፈረስ ጉልበቱ ይከፈለው የነበረውን ድርሻ ተወ። ውሉን በፊቱ ቀደደው ተብሎ ይተረካል፤ ቀደደውም አልቀደደው ክፍያው መቅረቱ እርግጥ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሥራ ቤቱ ከነመሣሪያውና ከነጽሑፉ ተቃጠለበት። በ1898 ዓ.ም. ያለ ሽቦ ከሩቅ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ በኒው ዮርክ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያም ከባለባንኩ ከሞርጋን 150 ሺህ ዶላር ተቀብሎ ኃይልንም ወሬንም ያለ ሽቦ ወደ ዓለም ሁሉ የሚያሰራጭ ረጅም ግንብ በኒው ዮርክ አቅራቢያ መሥራት ጀመረ። ገንዘቡ አለቀ፤ ሞርጋንም ሌላ አልጨመረም፤ ግንቡ ሳይፈጸም ቀርቶ በ1917 ዓ.ም. ፈረሰ። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የሞርጋን ብቻ አይደለም። ኃይልን ያለ ሽቦ በሩቅ አገር ሁሉ ማዳረስ ቴስላ እንዳሰበው የሚሆን ነገር አልነበረም፤ እርሱም ስሕተቱን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አላስቀረም።

እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝና የማርኮኒን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። በ1943 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሎጅን፣ የቴስላንና የስቶንን ቀዳሚ ሥራዎች ተመልክቶ ከማርኮኒ የሬዲዮ መብቶች የአንዱን ዋና ዋና ክፍሎች ሽሯል። ይህን ይዘው ሬዲዮ የቴስላ ነው ብቻ የሚሉ አሉ፤ ፍርዱ ግን እንደዚያ አይልም። ቴስላም ይህን አልሰማም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ሞቶ ነበርና።

የሞተው በ86 ዓመቱ፤ ሚስትና ልጅ ሳይኖረው፤ በኒው ዮርክ በአንድ ሆቴል 33ኛ ፎቅ ላይ ብቻውን በሚኖርበት ክፍል ነው። በመጨረሻ ዘመኑ ወዳጆቹ ርግቦች ነበሩ፤ የቤቱንም ኪራይ ይከፍልለት የነበረው የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ነው። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም. ነበረ፤ እንግዲህ የገና ዕለት ማለት ነው። በአባቱ ቤተ ክርስቲያንም በዓሉ የሚውለው በዚያው ዕለት ነው። ዐመዱ ዛሬ በቤልግሬድ ከተማ በስሙ በተሠራው ሙዚየም ይገኛል። በ1960 ዓ.ም. የዓለም የሚዛንና የመለኪያ ጉባኤ የማግኔት ብርታት መለኪያን ቴስላ ብሎ ሰየመው። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሰውነትን በማግኔት የሚያነሣው መሣሪያ 1.5 ቴስላ ተብሎ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው፤ ኃይሉ ወደ መሐል አገር የሚመጣው በ500 ሺህ ቮልት በተለዋዋጭ ጅረት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሰመራ የሚሄደው መስመር ደግሞ 230 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ወደየከተማው ሲቀርብ ወደ 33 ሺህ ወይም ወደ 15 ሺህ ይወርድና፤ በመጨረሻ በእንጨት ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 380 ቮልት ተራግፎ ወፍጮ ቤት ይገባል።

ኤዲሰንስ ጨርሶ ተሸነፈ? አልተሸነፈም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋውና በ2022 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መስመር የሚጓዘው በቀጥተኛ ጅረት ነው። በዘመናችን ቀጥተኛውንም ጅረት ወደ 500 ሺህ ቮልት ማውጣትና ማውረድ ስለ ተቻለ፤ እጅግ ለራቀ መንገድ እርሱ ተመራጭ ሆኗል። በየገጠሩ በጣራ ላይ የሚታየው የፀሐይ ብርሃን መሣሪያም የሚሰጠው ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ በኪሳችን ያለው ስልክም የሚኖረው በእርሱ ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው ግን ዛሬም ያ በአሸዋ ላይ የተሣለው ነው።

በደጋን ሦስተኛው ሽቦ የተቀጠለው ከቀትር በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ባለወፍጮው ማብሪያውን ሲያነሣ ሞተሩ ያለ ማጉረምረም ዞረ። እኔም ቀረብ ብዬ በጎኑ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ጽሑፍ አነበብሁ። የፋብሪካው ስም፤ 380 ቮልት፤ 50፤ ቀጥሎም 1440 የሚል ቍጥር አለባት። ያን ጊዜ ትርጕሙን አላወቅሁም። ጥቅሎቹ በእጥፍ ስለ ተሠሩ የማግኔቱ ተራ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ ብረቱ ግን 1440 ጊዜ ብቻ። የጐደለችው 60 በሬው ሣሩን ያልደረሰባት ናት።

እማማ ዱቄታቸውን በልጅ አሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እኛም ወደ ባቲ ጉዟችንን ቀጠልን።